የጆሮ ሸረሪት በጆርጂያ፦ ፍሊት እንርጭ ወይስ እንተወው?

የመክፈቻው መልእክት። ይህን የኢንተርኔት ውይይት የከፈተው ከአትላንታ ሰሜን ምሥራቅ፣ በግዊኔት ካውንቲ የሚኖር አባወራ ነው። ከቤቱ አሸንዳ እስከ አጥሩ ጥድ ድረስ ወርቅማ ድር ተዘርግቷል። መሃሉ ላይ ቢጫና ሰማያዊ ግራጫ መስመር ያላት፣ እግሯን ስትዘረጋ የሰው መዳፍ የምታህል ሸረሪት ተቀምጣለች። አንዷን ሲያወርድ በማግስቱ ሌሎች ይተካሉ። ልጆቹ ጓሮ መጫወት ትተዋል፤ ባለቤቱም የልብስ ማስጫውን ገመድ ወደ ጋራዥ አዛውራለች። በስልክ የደረሰው ቪዲዮ ደግሞ ሸረሪቷ እንደምትበርና መርዟ ሰው እንደሚገድል ይናገራል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ የትኛውን ፍሊት ልግዛ?

የመጡትን መልሶች ዘግይተው ለደረሱ በተራ አስቀምጣለሁ። አንዳንዱን በአንድ መስመር አልፈዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ። በመካከል የተነሳ አንድ ጉዳይ ከሸረሪቷ መርዝ ይልቅ እኔን በጣም ያሳስበኛል፤ ሰውም ሳያየው እንዲያልፍ አልፈልግም።

1ኛ መልስ። ከሎረንስቪል የጻፈች እህት ከሰላምታ በኋላ ፎቶ እንዲለጥፍ ጠየቀችው። ፎቶው እስኪመጣ ድረስም መለያዎቹን ዘረዘረችለት። የጆሮ ሸረሪት ድር ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቅ ይመስላል። ሴቷ ጀርባዋ ቢጫ ሲሆን ከሆዷ ሥር ቀይ ምልክት አላት፤ እግሮቿ ላይም ጥቁርና ቢጫ ቀለበት ይፈራረቃል። በድሩ መካከል ነጭ የዚግዛግ ጥልፍ ካለ ግን ያቺ ሌላ ናት፤ የአገሩ የአትክልት ሸረሪት ስለሆነች አትንካት አለችው። ይህን የመጨረሻ ምክር በዚያን ሰዓት ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

2ኛ መልስ። በአትላንታ አቅራቢያ ካለችው ከዲኬተር የጻፈ ሰው ፎቶም መለያም አያስፈልግም አለ። እሱ አጥሩን፣ የበረንዳውን ጣሪያና የዛፎቹን ሥር ሁሉ ረጭቶ ተገላግሏል። ልጅ ያለው ሰው ከሸረሪት ጋር አይደራደርም ብሎ ዘጋ። ይህ ሰው በውይይቱ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

3ኛ መልስ። በክላርክስተን የምትኖር እናት ስሙን ሰምታ ሸረሪቷ ሰው ተኝቶ ሳለ ጆሮ ውስጥ የምትገባ መስሏት ነበር። ሕፃኗን ጆሮው ውስጥ ጥጥ አድርጋ እንደምታስተኛው ጻፈች። በዚህ የሳቁባት ሰዎች ነበሩ፤ ትክክል አላደረጉም። በቋንቋዋ አንድም አስተማማኝ ነገር ያልተጻፈላት እናት ከስሙ ተነስታ ብትገምት አይፈረድባትም።

4ኛ መልስ። በጆርጂያ ባዮሎጂ የሚማር ወጣት መጀመሪያ እናቲቱን አረጋጋ፦ ስሙ ከጃፓን የመጣ ነው፣ ከሰው ጆሮ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ጥጡን ያውጡለት። ከዚያ ታሪኩን ከሥሩ አስረዳ። ሸረሪቷ የምሥራቅ እስያ ናት፤ በጃፓን፣ በኮርያ፣ በቻይናና በታይዋን ትኖራለች። በአሜሪካ መኖሯ የተረጋገጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ሲሆን፣ ቦታውም ከአትላንታ ሰሜን ምሥራቅ ባሉት በሆሽተንና በአካባቢው ከተሞች ነው። ማንነቷን የለየው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲው የነፍሳት ተመራማሪ ሪቻርድ ሆቤኪና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ግኝታቸውንም በ2015 አሳትመዋል። አካባቢው 85 ቁጥር አውራ ጎዳናን ተከትለው የተሠሩ ትላልቅ መጋዘኖች የሞሉበት ስለሆነ፣ ከእስያ በመጣ ኮንቴይነር ተጭና ገባች የሚለው ግምት ሚዛን ይደፋል።

ወጣቱ የሕይወት ዑደቷንም ጨመረበት፤ ይህ ክፍል ለባለጥያቄው ከማንኛውም ፍሊት የበለጠ የሚጠቅመው ነበር። ጆሮ በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ነው የምትተካው። ጫጩቶቹ በፀደይ ይፈለፈላሉ፣ በጋውን ሙሉ ሳይታዩ ያድጋሉ፣ ከነሐሴ ማለቂያ ጀምሮ ሴቶቹ ገዝፈው ዓይን ውስጥ ይገባሉ። በጥቅምትና በኅዳር እንቁላላቸውን በሐር ከረጢት ጠቅልለው ዛፍ ቅርፊት ላይ፣ ቅጠል ሥር ወይም ግድግዳ ላይ ያጣብቃሉ። በአንድ ከረጢት ከ400 እስከ 500 እንቁላል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይገኛል። ከዚያ ብርድ ሲመጣ እናቶቹ ይሞታሉ። ወንዱ ትንሽ፣ ቡናማና አላፊ አግዳሚው የማያስተውለው ነው፤ ብዙ ጊዜ በሴቷ ድር ዳር ቆሞ ይታያል።

5ኛ መልስ። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነ ወንድም ከራሱ ሥራ ተነስቶ ጻፈ። ተሳቢው በመጋዘን ግቢ ለሳምንታት ቆሞ ሲንቀሳቀስ ከሥሩ፣ ከመስታወቱ ጀርባና ከበሩ ማጠፊያ ላይ ድር ያገኛል። በመጸው አንድ ጊዜ ከጆርጂያ ተነስቶ ቴነሲ ሲደርስ ጆሮዋ መስታወቱ ላይ እንዳለች አግኝቷታል። አሁን ከመነሳቱ በፊት የተሳቢውን ሥርና የእንጨት ፓሌቶቹን በመጥረጊያ ይጠርጋል። ቀጣሪው ይህን አላዘዘውም። ያደገው ገበሬ ቤት ስለሆነ አረም ከማሳ ወደ ማሳ በሰው እግር እንደሚሄድ ያውቃል።

በዚህ ውይይት ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ ደግሜ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን መልስ ነው። የእኛ ሰዎች በዚህ አገር በጭነት ሥራ ላይ ብዙ ናቸው። ሸረሪቷ በራሷ ኃይል በዓመት የምትሄደውን መንገድ መኪና በአንድ ቀን ያደርሳታል።

6ኛ መልስ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ የጻፈች እህት በ2024 የበጋ ወራት ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ግዙፍ በራሪ ሸረሪቶች ወደ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ እየመጡ ነው ብለው ሲያወሩ መስማቷን አስታወሰች። እኛስ ጋ ደርሳለች ወይ ብላ ጠየቀች።

7ኛ መልስ። ወጣቱ ተመልሶ መጣ። በ2023 የታተመ አንድ ጥናት የስርጭቷን ስፋት ቢያንስ 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አድርጎታል። ዋና መኖሪያዎቿ ጆርጂያ፣ ሁለቱ ካሮላይናዎችና ቴነሲ ሲሆኑ፣ ከአላባማ፣ ከሜሪላንድ፣ ከዌስት ቨርጂኒያና ከኦክላሆማም ሪፖርት ቀርቧል። በ2024 ደግሞ ቦስተን ውስጥ ታይታለች። የካርታውን ቅርጽ ልብ በሉ አለ፤ ከዋናው ስርጭት ተነጥለው ርቀው የሚገኙት ነጥቦች በእግር የተደረሰባቸው አይደሉም። የ5ኛው ሹፌር የጻፈውን አስታውሱ ብሎም ወደ ላይ ጠቆመ።

8ኛ መልስ። ከኮሎምበስ ኦሃዮ የጻፈ ሰው፣ ሰሜኑ ብርድ ስለሆነ እዚያ መኖር አትችልም አለ። ሰሜን የሚኖሩ ሰዎች ይህን ለማመን እንደሚፈልጉ አውቃለሁ።

9ኛ መልስ። አሁንም ወጣቱ ነው። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ አንዲ ዴቪስና ቤንጃሚን ፍሪክ በ2022 ባሳተሙት ጥናት ጆሮን ከቅርብ ዘመዷ ጋር አነጻጽረዋል። ዘመዷ ከ150 ዓመት በላይ በአሜሪካ ደቡብ የቆየች፣ ከሐሩር ክልል የመጣች ባለወርቅ ድር ሸረሪት ናት። እሷ ከደቡብ ብዙም አልወጣችም። ጆሮ ግን ምግብን ወደ ኃይል የምትለውጥበት ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ የልብ ምቷ በ77 በመቶ ይበልጣል፣ ለአጭር ጊዜ ውርጭ ላይ ሲያስቀምጧቸውም ከዘመዷ ይልቅ የምትተርፈው እሷ ናት። የጃፓን አየር ከጆርጂያ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ክረምቱም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ አብዛኛው ክፍል ሊስማማት እንደሚችል ጽፈዋል። የኮሎምበሱ ሰው አመስግኖ ተቀበለ።

10ኛ መልስ። የመብረሩ ወሬ በዚህኛው ተቋጨ። አዋቂዋ ክንፍ የላትም፤ አትበርም። በአየር የሚጓዙት ገና የተፈለፈሉት፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡት ጫጩቶች ናቸው፤ ቀጭን ክር ወደ ላይ ለቀው ነፋስ ያነሳቸዋል። ይህን ሌሎች ብዙ የሸረሪት ዓይነቶችም ያደርጉታል። መዳፍ የምታህል ሸረሪት ከሰማይ ጃንጥላ ይዛ ትወርዳለች የሚለው ሥዕል ጫጩቱንና እናቲቱን ከመቀላቀል የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ዜና የሚያሰራጩ ሰዎች ሕፃናትን ከጓሮ እንደሚያስወጡ ቢያውቁ እመኛለሁ።

11ኛ መልስ። በአትላንታ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ስለ ንክሻው ጻፈች፤ አጻጻፏ ረጋ ያለና ግልጽ ነበር። ጆሮ መርዝ አላት፣ ሸረሪት ሁሉ ማለት ይቻላል መርዝ አለው፤ የእሷ ግን ለታደነ ነፍሳት እንጂ ለሰው የሚያሰጋ አይደለም። መንጋጋዋ ብዙ ጊዜ የሰውን ቆዳ አይበሳም። ብትነክስም ሕመሙ ከንብ ንድፊያ ጋር የሚመጣጠን ነው፤ አለርጂ ያለበት ሰው ግን ይጠንቀቅ። በጆርጂያ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱት ሌሎች ናቸው፦ ከሆዷ ሥር ቀይ የሰዓት አሸዋ ቅርጽ ያላት ጥቁሯ ሸረሪትና በሣጥንና በጫማ ውስጥ የምትደበቀው ቡናማዋ። ሁለቱም ከጆሮ በፊት እዚህ የነበሩ ናቸው፣ ሁለቱም ድራቸውን በአደባባይ አይዘረጉም። የሚያስፈራችሁን በዓይን ከሚታየው ቦታ አትፈልጉ ብላ መከረች። የዴቪስ ቡድን በ2023 ያወጣውን ሌላ ጥናትም ጠቀሰች፦ በአየር እፍ ሲባልባቸው ብዙዎቹ ሸረሪቶች ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ሲንቀሳቀሱ፣ ጆሮ ከ1 ሰዓት በላይ ሳትንቀሳቀስ ትቆያለች። ዓይን አፋር ናት።

12ኛ መልስ። አንዲት እናት ነርሷን ልጄ ብለው ጠርተው፣ አክብሮታቸውን ገልጸው አልተስማሙም። በአገር ቤት እህታቸውን ሸረሪት ሸንታባት ጎኗ እንደ እሳት ነዶ፣ ውኃ ቋጥሮ ለሳምንታት አሰቃይቷታል። አልማዝ ባለጭራ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል አሉ። ሦስት ሰዎች ተከታትለው የየራሳቸውን የቤተሰብ ታሪክ አከሉ፤ ከ13ኛ እስከ 15ኛ ያሉት ናቸው።

16ኛ መልስ። ነርሷ እማማ ብላ ጀምራ፣ ለእህታቸው ስቃይ አዝና መለሰች። አልማዝ ባለጭራ የሚነሳው ሰው በልጅነቱ ጉድፍ ሲይዘው ሰውነቱ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ቫይረስ፣ ዕድሜ ሲገፋ ወይም አቅም ሲዳከም ነርቭን ተከትሎ ሲቀሰቀስ ነው። በአንድ ጎን ብቻ በሰንበር መልክ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ክትባት አለው፤ ዕድሜያቸው 50 የሞላ ሁሉ ሐኪማቸውን ይጠይቁ አለች። ሌላው ቆዳን የሚያነድደው ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ በዝናብ ወራት ወደ መብራት የሚመጣ ጥቁርና ቀይ ትንሽ ጢንዚዛ ነው፤ ቆዳ ላይ ሲደፈጠጥ ፈሳሹ ያቃጥላል። ሸረሪት ግን በሽንቷ ሰው አታቃጥልም። እናት ዝም አሉ፤ በኋላ የክትባቱን ስም በግል እንድትልክላቸው ጠየቁ። ውይይቱ ሌላ ምንም ባያስገኝ ይህ ብቻ ይበቃው ነበር።

17ኛ መልስ። አንድ ሙስሊም ወንድም እናቱ ሸረሪት አስገድለው እንደማያውቁ ጻፈ። ነቢዩ ሙሐመድ ከመካ ሲሰደዱ በሰውር ዋሻ በተጠለሉበት ጊዜ ሸረሪት በዋሻው አፍ ላይ አድርታ አሳዳጆቹን አሳስታለች የሚለውን ትውፊት እየተረኩ ነው ያሳደጉት። እሱም ድሯን በእንጨት ጠቅልሎ ወደ ጫካ ይወስዳታል እንጂ አይገድላትም።

18ኛ መልስ። የዲኬተሩ ሰው እዚህ ላይ ተቆጣ። ስለ ጓሮ እየተነጋገርን ወደ ሃይማኖት አትውሰዱን አለ። በ19ኛው አንዲት እህት ወንድማችን የተናገረው የእናቱን ወግ ነው፣ ማንንም አላስገደደም ብላ ገሰጸችው። በመካከል ሁለት መልሶች በአወያዩ ተነስተዋል።

20ኛ መልስ። ከለንደን። በእንግሊዝም ተመሳሳይ ነገር እንደነበረ ጻፈ። ከማዴይራና ከካናሪ ደሴቶች የመጣችው ሐሰተኛዋ መበለት የምትባል ሸረሪት በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በቶርኪ የተመዘገበችው በ1879 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ሳይጨነቅባት ኖረች። በ2013 ግን ጋዜጦች ጮኹና ትምህርት ቤት እስከ መዝጋት ተደረሰ። እሷም ትነክሳለች፣ ሕመሙም ከንብ ይጠጋል፤ ያን ሁሉ ፍርሃት ግን የፈጠረው ወሬው ነው ይላል።

21ኛ መልስ። ከእስራኤል ደቡብ የጻፈች እህት የተለየ ነገር ይዛ መጣች። በእነሱ አገር የተስፋፋችው ቡናማዋ መበለት የምትባል ሸረሪት ናት፤ በፕላስቲክ ወንበር ሥር፣ በሕፃናት መጫወቻ ስፍራ፣ በቆሻሻ ማጠራቀሚያ እጀታ ላይ ታድራለች። የእንቁላል ከረጢቷ ዙሪያውን እሾህ መሳይ ነገር ስላለው በቀላሉ ይታወቃል። ይቺ በእርግጥም ጥንቃቄ የሚያስፈልጋት ናት። እህታችን የሠፈሩ ልጆች ወንበር ከማንሳታቸው በፊት ገልብጠው እንዲያዩ ታስተምራለች።

22ኛ መልስ። እዚህ ላይ ውይይቱ ከረረ። ከአዲስ አበባ የጻፈ ሰው ታፍራላችሁ አለ። የጎጃም በቆሎ በተምች ሲበላ፣ የጣና ዓሣ አጥማጅ ጀልባው በእምቦጭ ሲታሰር፣ እናንተ በረንዳችሁ ላይ ስላለች ሸረሪት ሃያ መልስ ትጽፋላችሁ። የዲኬተሩ ሰው በ23ኛው የሰጠውን መልስ አልደግመውም፤ ስለሚልከው ገንዘብ ነበር፤ ከርዕሱም ከወግም የወጣ ነው።

24ኛ መልስ። ሁለቱን ያስታረቃቸው ከባሕር ዳር የጻፉ የግብርና ባለሙያ ናቸው። ጋሼ ብለው ሁሉም ተቀበሏቸው። በቆሎውን የሚበላው ተምች የአሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ኢትዮጵያ የገባው በ2017 ነው። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ አረም ነው፤ ጣና ላይ የታየው በ2011። ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ደግሞ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወባም ምክንያት ሆናለች። እንደ ለመድናት ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፣ ከተማ ውስጥ በሮቶና በበርሜል ውኃ ትራባለች። እንዲህ ያሉ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያያቸው ብዙ ጊዜ ተመራማሪ አይደለም አሉ፤ ገበሬ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ውኃ ቀጂ ነው። ከዚያም ባለጥያቄውን አንድ ጥያቄ ጠየቁት፦ ይቺ ቢጫ ሸረሪት ከመምጣቷ በፊት በዚያ አጥር ላይ ማን ያደራ ነበር?

25ኛ መልስ። ለዚህ ጥያቄ የመጣው መልስ ነው የውይይቱ እምብርት። በስቶን ማውንቴን ጎመን፣ ቃሪያና ጤና አዳም የሚያለሙ አንዲት እናት ናቸው የጻፉት። ቤቱን ሲገዙ በቃሪያው ረድፍ መካከል በየዓመቱ ባለ ዚግዛግ ጥልፏ ጥቁርና ቢጫ ሸረሪት ነበረች። ፌንጣ ስለምትይዝላቸው ውኃ ሲያጠጡ እንኳ ዞረው ያልፏት ነበር። ጆሮዎቹ ከመጡ ወዲህ ግን ከቃሪያው እስከ ጣሪያው ድር ከድር ተያይዞ ሁሉም ወርቅማ ሆነ፤ ያቺ ሸረሪት ጠፋች። ማንንም አልወነጀሉም። የት እንደሄደች ብቻ ጠየቁ።

26ኛ መልስ የእኔ ነው። የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ኮይል የተሳተፈበትን፣ ወጣቱ በ7ኛው የጠቀሰውን የ2023 ጥናት ነገርኳቸው፦ ጆሮ በበዛችበት ቦታ የአገሩ ድር አድሪ ሸረሪቶች ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። እማማ በዓይናቸው ያዩት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ቦታ ትቀማቸው እንደሆነ፣ ምግብ ትሻማቸው እንደሆነ፣ ወይስ ሌላ ነገር እንዳለ ገና እየተጠና ነው። ግን እኛ አንድ ወር ሙሉ ትነክሰናለች ወይ ስንል፣ ከእኛ በፊት እዚህ የነበሩ ፍጥረታት ጓሮአቸውን እየለቀቁ ነበር። ፍሊት ደግሞ ጆሮንና የቃሪያዋን ሸረሪት አይለይም። ሸረሪት እያደነ ለልጆቹ የሚያከማቸውን ጭቃ ሠሪ ተርብ ይገድላል፣ ንብም ይገድላል። የዲኬተሩ አጥር ጸድቷል ሲባል ከማን ከማን ነው የጸዳው? በመጪው ፀደይ ባዶ የሆነውን አጥር ቀድማ የምትይዘው ደግሞ ከጎረቤት በነፋስ የምትመጣው ጆሮ ናት።

27ኛ መልስ። አንድ ሰው ጥቅሟንም አንርሳ አለ፤ ትክክል ነው። ቤት ውስጥ ገብቶ የሚከረፋውን፣ ከእስያ የመጣውን ቡናማ ተባይ ትበላለች፤ የአገሩ ሸረሪቶች ያን ተባይ ብዙም አይነኩትም ይባላል። ወጣቱ አንድ የሚገርም ነገር አከለበት፦ ያ ተባይ በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ መግባቱን ቀደም ሲል የለየው በዚያን ጊዜ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ያው ሪቻርድ ሆቤኪ ነው።

28ኛ መልስ። ለጠጅ ብሎ ሦስት ቀፎ ያቆመ ወንድም ግን ጥቅሟን አልተቀበለም። ከቀፎው አፍ ፊት ለፊት በተዘረጋ ድር ላይ ንቦቹ ተጠቅልለው ያገኛል። ተባይ ትበላለች ማለት የቀረበላትን ሁሉ ትበላለች ማለት ነው፤ መርጣ አትጠቅምህም። ከቀፎው ፊት ያለውን ድር በየጠዋቱ በረጅም እንጨት እየጠቀለለ ያነሳል፤ ከቀፎው ራቅ ያለውን ይተዋል። እኔ የማደላው ወደ እሱ ነው።

29ኛ መልስ። ከርዕስ የወጣ ቢሆንም ማለፍ አልቻልኩም። አንዲት ሸማኔ የሽሮ ሜዳ ልጅ የወርቁ ክር ይፈተላል ወይ ብላ ጠየቀች። በ30ኛው መልስ ተፈትሏል ተባለች። በማዳጋስካር ሳይመን ፒርስና ኒኮላስ ጎድሊ የጆሮ የሥጋ ዘመድ ከሆነች ሸረሪት፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴት ሸረሪቶችን አስይዘው፣ ክራቸውን አስወጥተው መልሰው እየለቀቁ፣ ምንም ቀለም ያልነካው ወርቅማ ጨርቅ አሠርተዋል። ካባው በ2012 ለንደን ለሕዝብ ታይቷል። ልጅቷ የጥበብ ጥለት በዚያ ክር ቢሠራ ምን እንደሚመስል አሰበችና ጥቂት መልሶች በዚሁ አለፉ።

34ኛ መልስ። ባለጥያቄው ተመለሰ። ፎቶውን ለጠፈ፤ አብዛኞቹ ጆሮ ናቸው፣ ከአንዱ ጥግ ያለችው ግን ባለ ዚግዛጓ ነበረች። ያቺን ልጆቹ በክር አጥረውላታል። የበሩንና የልብስ ማስጫውን ድር በመጥረጊያ አውርዷል፤ ከዛፉ ላይ ያለውን ትቷል። ባለቤቱ ገና አልቀረበችም፤ ገመዱን ግን መልሳ ሰቅላለች። አሁን የሚጠይቀው ስለ እንቁላሉ ነው።

35ኛ መልስ። ወጣቱ እንዲህ አስረዳው፦ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ እናቶቹ ከሞቱ በኋላ፣ አሸንዳውን፣ የበረንዳውን ጣሪያ፣ የመስኮቱን ክፈፍና የዛፉን ቅርፊት ያስስ። ከረጢቱ ነጭ ወይም ቢጫማ የሐር ክምር ሆኖ ይታያል። ፍቆ በሳሙና ውኃ ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ነገር ግን የሌሎች ሸረሪቶች ከረጢትም በክረምት አለና ሳይለይ እንዳይነካ። የቃሪያዋ ሸረሪት ከረጢት ቡናማ፣ ክብና ወደ አንድ ጫፉ እንደ ማሰሮ አንገት የሾለ ነው፤ እሱን ይተወው።

36ኛ መልስ። የዲኬተሩ ሰው አልተለወጠም። በሩ አካባቢ መርጨቱን እንደማይተው ጻፈ፤ ዛፎቹን ግን ከእንግዲህ አልረጭም አለ። ከ37ኛ እስከ 40ኛ ያሉት በዚህ ላይ የተሰነዘሩ ሹል ቃላት ናቸው።

41ኛ መልስ። የስቶን ማውንቴኗ እናት አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ጆሮን ፎቶ አንስቶ የሚልክ ብዙ ነው፤ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲም መከታተያ ድረ ገጽ አለው። የጎደለው የሌሎቹ ምዝገባ ነው። በመጪው ነሐሴና መስከረም ጓሮ ያለን ሁሉ ባለ ዚግዛጓን ስናይ ቦታዋን አብረን እንጻፍ፣ ያላየንም አላየንም ብለን እንጻፍ አሉ። በግዊኔት፣ በዲካልብና በኮብ ካውንቲዎች የሚኖሩ ሰዎች ስማቸውን አስመዝግበዋል። የሲልቨር ስፕሪንጓ እህትም ጆሮ ሳትበዛ በፊት ያለውን እኛ ጋ አሁን እንመዝግብ ብላ ገብታለች፤ ከሁሉም የሚፈለገው ምዝገባ የእሷ ይመስለኛል፤ እኛ ጆርጂያ ያለን ያን ጊዜ አልፎናል።

42ኛ መልስ። እስካሁን የመጨረሻው ነው። በኅዳር ከጆርጂያ ወደ ሚኒያፖሊስ ቤት የምትቀይር እህት የበረንዳ አበባዎቿን ይዛ መሄድ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ሹፌሩ መለሰላት፦ ማሰሮዎቹን ገልብጣ ከንፈራቸውንና ሥራቸውን ትይ፣ የጓሮ ወንበሮቹን ትፈትሽ፣ ብስክሌቶቹንም አትርሳ፤ ጭነቱን የሚጭነው እሱ ከሆነ ደግሞ ተሳቢውን ራሱ ይጠርጋል።